በ2000 የሚጠበቁ

በአሥር ዓመቴ፣ በሽማግሌ ፊት፣ የዋሸሁት ውሸት አለ። ለሰው ሳወራው «ልጅ ነበርሽ እኮ!» ይሉኛል። ደግ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ደብረ ታቦር ውስጥ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ፤ በየቀኑ ከሃምሳ የማያንሱ የአሥር ዓመት ልጆች ፊቴ ይቀመጣሉ። የአሥር ዓመት ልጅ የማያውቀውንም፣ እያወቀ ያላወቀ የሚመስልበትንም ለይቼ አውቃለሁ። ስለዚህ በልጅነቴ አልከለልም። ልጅቷ ያየችውን እንዳየችው እነግራችኋለሁ፤ የተሳሳተችበት ቦታ ስደርስም አልደብቃችሁም።

ነገሩ የጀመረው ከአለምነው ሙዚቃ ቤት ግድግዳ ነው። ዘመኑ 1999 ነበር፤ አገር ምድሩ ሁለት ሺህን ይጠብቃል። ትልልቆቹ «ሚሊኒየም» እያሉ ሲያወሩ እሰማለሁ፤ እኔ በባሕር ዳር በኩል በመኪና የሚመጣ ትልቅ እንግዳ ይመስለኝ ነበር። አለምነው ከበሩ አጠገብ የቴሌቪዥን ካርቶን ቀዶ ሰቅሏል። ከላዩ በቀይ ማርከር «በ2000 የሚጠበቁ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ከሥሩ በተራ ቁጥር ሁለት ፊልም፣ አንድ አስቂኝ ድራማ፣ ሦስት የዘፈን አልበም። ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ቤታችን ሳንደርስ እዚያ ካርቶን ሥር ቆመን ከአንድ እስከ ስድስት በቃላችን እንወጣዋለን። የማባዣ ሠንጠረዡን እንኳ እንዲያ አልሸመደድነውም።

«ዛሬስ አንዱም አልደረሰም?» እንላለን።

«እናንተ ልጆች፣ በዓይናችሁ ቀለሙን ልትጨርሱት ነው! ሂዱ ወደየቤታችሁ!» ይላል አለምነው። ቁጣው ከአንገት በላይ ነበር።

ካርቶኑን የጻፈችው ትርንጎ ናት። ትርንጎ የእናቴ ታናሽ እህት ነች፤ ከአንበሳሜ በላይ ካለው የአያቴ አገር ለትምህርት መጥታ እኛ ቤት ነበር የምትኖረው። የአሥረኛ ክፍል ፈተና አልሳካላት ሲል ወደ አባቷ ከመመለስ ብላ አለምነው ዘንድ ተቀጠረች። እናቴ «እትዬ በያት፣ አክስትሽ ናት» እያለች ብትቆጣኝም እኔ ትርንጎ ነበር የምላት። አንድ አልጋ የሚጋሩ ሰዎች እትዬ አይባባሉም። እሷ ደግሞ ስሜን አሳጥራ «ኤሉ» ትለኛለች።

ከካርቶኑ ላይ ቁጥር አራት የኔ ነበር። ይህን የምናውቀው እኔና ትርንጎ ብቻ መሆናችንን እያሰብኩ ልጆቹ «ቁጥር አራት ክሊፕም አለው አሉ» ሲባባሉ ከንፈሬን ነክሼ ዝም እላለሁ። ዝም ማለቱ ሲያቅተኝ ደግሞ አብራኝ ለምትቀመጠው ለፈንታነሽ በጆሮዋ «ሁለት ሺህ ላይ ታዪኛለሽ» አልኳት። ፈንታነሽም ለክፍሉ ሁሉ ነገረች።

የሆነው እንዲህ ነው። ጥቅምት ሁለት ቀን 1999፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ትርንጎ ከወትሮዋ ቀድማ ተነስታ ስትለባብስ ነቃሁ። የተዋሰችው ጥልፍ ቀሚስ በፌስታል ተጠቅልሎ አልጋው ሥር ነበር። «ወዴት ነሽ?» ብዬ ማልቀስ ስጀምር አፌን በእጇ ያዘችኝ።

«ትቼሽ ብሄድ ታወሪያለሽ። ከወሬሽ አንቺው ትሻያለሽ፤ ነይ።»

ለእናቴ ትምህርት ቤት ሄድኩ አልኳት፤ ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። አንድ ሚኒባስ ገበያው ጀርባ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ከባሕር ዳር የመጣው ዘፋኝ ከፊት ተቀምጦ ያዛጋል። አለምነው ያሰባሰባቸው ሌሎች ሦስት ተወዛዋዦች ከኋላ ተጨናንቀው ተቀምጠዋል። ወደ ጉና ወጣን። ጭጋጉ ገና አልተነሳም፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ገብሱ ዳር ዳሩን የአደይ አበባ ከቦታል። ቴፕ ሪከርደሩ እንዳይረጥብ በላስቲክ ተጠቅልሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ዘፈኑ ተለቀቀ። ከዚያ ቆመ። እንደገና ተለቀቀ። አንዱን ዘፈን አሥራ አምስት ጊዜ ሳይሰሙ አይቀሩም፤ በአሥራ አምስቱም ትርንጎ አዲስ ነበረች። ሌሎቹ ሲደክማቸው ትከሻቸው ሰነፍ ይሆናል፤ የሷ ግን እያደር ይባስ ይፈጥናል። ካሜራማኑ «አንቺ መሀል ግቢ!» አላት። በኋላ እኔን አየኝና እቅፍ ሙሉ አደይ አስያዘኝ።

«ከዚያች ድንጋይ ተነስተሽ እየሳቅሽ ወደኔ ሩጪ!»

ሦስት ጊዜ ሮጥኩ። «ጎበዝ! ክሊፑን የምትከፍቺልን አንቺ ነሽ» አለኝ። የዚያን ቀን ከፊት ሁለት ጥርስ አልነበረኝም፤ እሱም ስቆ «ጥርስሽ እስኪበቅል አንጠብቅም» አለ።

ስንመለስ ትርንጎ ክንዴን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ። «ለእናትሽም ቢሆን እንዳትናገሪ። እስኪወጣ ድረስ ለማንም!»

እኔ ስጦታ መሰለኝ። ሁላችንም ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን፣ እናቴ ድንገት እኔን አይታ እልል ስትል ታየኝ። ትርንጎ ግን አባቷን ፈርታ ነበር። አያቴ ጭፈራ አይጠሉም፤ በሠርግ ሴት ልጃቸው ትከሻዋን ብትነቀንቅ ደስ ይላቸዋል። ካሜራ ፊት፣ ከዘፋኝ ጋር፣ ተከፍሏት ስትጨፍር ግን «ልጄ አዝማሪ ሆነች» ነው የሚሉት። ስለዚህ ምስጢሩን ለአንድ ሰው ብቻ አወጣችው፤ ለወንድሟ ለሞገስ። አያቴ ከልጆቻቸው ሁሉ የሚሰሙት እሱን ነበር። ሞገስም «ክሊፑ ከመውጣቱ በፊት አባባን እኔ አለዝበዋለሁ፤ አንቺ ዝም በዪ» ብሏት ነበር። ይህን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

ሐምሌ ሃያ ዘጠኝ ቀን ሞገስ ከገበያ ሲመለስ ጉማራ ወንዝ ወሰደው። በሦስተኛው ቀን ነው ያገኙት።

ቤታችን ጥቁር ለበሰ። ትርንጎ ለወንድሟ ፀጉሯን ልትላጭ ምላጭ አንስታ ነበር፤ እናቴ ናት «ከተማ ነው የምትሠሪው፣ ሻሹ ይበቃል» ብላ የነጠቀቻት። በለቅሶው ላይ የአገሩ ሴቶች ይህን አይተው ተንሾካሾኩ። አያቴም አይተዋል።

በነሐሴ፣ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ሙዚቃ ቤቱ በረንዳ ላይ እውላለሁ። ትርንጎ በየቀኑ የሱቁን ስልክ አንስታ ወደ ባሕር ዳር ትደውላለች። በሩ ገርበብ ስለሚል ድምፅዋ እየተቆራረጠ ይደርሰኛል። «እባካችሁ» ትላለች፤ «ዘመን መለወጫ» ትላለች፤ ደግማ «እባካችሁ» ትላለች። አንድ ቀን ስልኩን ዘግታ ስታለቅስ አየኋት። እንዲያፋጥኑልን እየለመነች መሰለኝ። እንዴት ወደድኳት ያን ቀን! በሐዘኗ መሀል እንኳ የኔን ነገር አልረሳችም ብዬ ተደሰትኩ።

እሷ የለመነችው እንዲያዘገዩት ነበር። እስከ ጥር፣ ቢያንስ አርባው እስኪወጣ። ዘፋኙ «እህቴ፣ ሚሊኒየም በሺህ ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው» አላት። «እንዲያ ከሆነ እኔን አስወጡኝ» አለች፤ «መሀል ላይ ስለሆንሽ አይቻልም» አሏት። በመጨረሻ ይህችን ልመናዋን ብቻ እሺ አሏት፤ ሕፃኗን ቁረጧት፣ አጎቷ ሞቶባታል፣ እናቷ ከል ለብሳ ሳለ ልጅቷ አበባ ይዛ ስትስቅ አትታይ። ይህን የነገረኝ አለምነው ነው፤ በነገረኝ ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ከሱቁ ወጥቼ መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ።

የቁጥር አራት ቪሲዲ ጳጉሜ ሦስት ቀን ደረሰ። አለምነው ቴሌቪዥኑን ወደ በሩ አዙሮ ከፈተው። ፈንታነሽንና ስድስት ልጆችን ሰብስቤ ከፊት ቆምኩ። ጭጋጉ መጣ፣ ገብሱ መጣ፣ አደዩ መጣ። አሁን ነው አልኩ። ዘፋኙ መጣ። አሁን ነው። ትርንጎ መሀል ገብታ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሰዉ ሁሉ «እሰይ!» አለ። ዘፈኑ አለቀ።

«ታዲያ አንቺ የታለሽ?» አለች ፈንታነሽ።

ልጆቹ ሳቁ። አለምነው አዝኖልኝ ከመጀመሪያው ደገመው። በሁለተኛውም የለሁም። ትርንጎ ከባንኮኒው ኋላ ጥቁር ሻሿን እስከ ግንባሯ አውርዳ፣ ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ ተቀምጣለች። አንድም ጊዜ ዞራ አላየችም። የሷ ቅናት መሰለኝ፤ ብቻዋን መታየት ፈልጋ መሰለኝ።

«አንቺ ነሽ ያስቆረጥሽኝ!» ብዬ ጮህኩባት። ይህን በግምት ነው ያልኩት፤ እውነት መሆኑን አላወቅሁም።

ደንግጣ ቀና አለች። «ኤሉ፣ ቤት እንነጋገር» አለች። ቤት ግን አልተነጋገርንም። እኔ ያን ሌሊት መሬት ላይ ተኛሁ።

በዘመን መለወጫ ዋዜማ አያቴ ለተዝካሩ የሚሆን ጨውና በርበሬ ሊገዙ አንበሳሜ ገበያ ወረዱ። አንድ ሻይ ቤት ጀኔሬተር አስነስቶ አዲሱን ቪሲዲ ከፍቷል። ሰው በር ላይ ተጨናንቋል። አንዱ የአገራቸው ሰው አያቴን አይቶ፣ ተንኮል ይሁን የዋህነት እንጃ፣ «አያ ጌጡ፣ ልጅዎ ናት እኮ!» አላቸው።

አያቴ ቴሌቪዥን አይተው ያውቃሉ። ያዩት ግን ዜናና ኳስ ነበር፤ ዜናው የዕለቱ ነው፣ ኳሱም የዕለቱ ነው። በቴሌቪዥን የታየ ነገር ሁሉ አሁን የሚደረግ ነው ብለው ነው የሚያውቁት። ውጪ ሜዳው አደይ አብቧል፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ አደይ አብቧል። ልጃቸው፣ ያቺ ፀጉሯን አልላጭም ያለችው፣ የወንድሟ አርባ ሳይወጣ በአበባ መሀል ትጨፍራለች። ጨዉን እዚያው ጥለው ወደ አገራቸው ሄዱ።

የአርባ ቀን ተዝካሩ መስከረም አምስት፣ እሑድ ዋለ። አባቴ ለሥራ ሑመራ ስለነበር እኔ፣ እናቴና ትርንጎ ሆነን እስከ አንበሳሜ በመኪና፣ ከዚያ ጭቃውን በእግር ሄድን። አያቴ ዳሱ በር ላይ ቆመው እንግዳ ይቀበሉ ነበር። እናቴን ሳሟት፣ እኔን ሳሙኝ። ትርንጎ ጉልበታቸውን ልትስም ስታጎነብስ ወደ ኋላ ሸሹ።

«አንቺ ወዴት ነሽ? ዳሱ ለሚያዝን ሰው ነው የተተከለ።»

«አባባ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ጎሽ! ምን አጠፋሁ ትበል! አንበሳሜ ሙሉ ያየውን እኔ አላየሁምና!»

ትርንጎ መሬቱ ላይ ተደፋች። «አባባ፣ የአምና ነው! ሞገስ በሕይወት ሳለ ነው የተነሳሁት! በሞገስ ሞት!»

«ሞገስን በአፍሽ አታንሺብኝ!» አሉና በትራቸውን አነሱ። ሰው መሀል ገባ።

የነፍስ አባታቸው ቄስ ዋልልኝ፣ ድግሱ ሳይታደል ነገሩ ይለቅ ብለው ከቤቱ ጀርባ ወይራው ሥር ሰበሰቡን። ጎረቤታቸው አያ ሙላቴ ተጨመሩ። አያቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ትርንጎ ፊታቸው ቆመች። እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ ከኋላ ነበርኩ፤ አንዲት ሴት የሰጠችኝን ድፎ ዳቦ እበላለሁ።

«የአምና ከሆነ ምነው ዘንድሮ ወጣ?» አሉ አያ ሙላቴ። «አምና የተጨፈረ ጭፈራ እንዴት ዘንድሮ ይታያል?»

«ይቆያል፣ አያ ሙላቴ። ይቀነባበራል፣ ይባዛል፣ ለበዓል ተብሎ ይያዛል። አለምነው ይመስክርልኝ።»

«ነጋዴ ስለ ዕቃው ምን ይላል?»

«ሞገስ ያውቅ ነበር» አለች በዝግታ።

ቄስ ዋልልኝ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ሌላስ፣ ልጄ? በሕይወት ያለ ያየሽ ሰው የለም ወይ?» አሏት።

ትርንጎ ዞረች። ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።

«ኤሌኒ አብራኝ ነበረች።»

«የኔ ልጅ?» አለች እናቴ። «መቼ?»

«አምና ጥቅምት ሁለት። ሐሙስ ዕለት።»

ዳቦው አፌ ውስጥ ቆመ። እናቴ ቁልቁል አየችኝ። አያ ሙላቴ «ልጅ ያቦካው ለራት አይሆንም፤ የሕፃን ምስክር ምን ይረባል?» ሲሉ ቄሱ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው። «እምአፈ ደቂቅ ወሕፃናት ይላል ዳዊት። ሕፃን ምን ብላ ትዋሻለች? እሷ ያለችው ይጽና። ጌጡ፣ ይስማማሃል?»

«ይስማማኛል» አሉ አያቴ።

እንግዲህ ልጅቷ የሰማችውን ስሙልኝ። ልጅቷ «መቼ» ሲባል የሰማችው «ከትምህርት ቤት የቀረሽው መቼ ነው» የሚል ነው። ሽማግሌዎቹ ጉና የሄደውን ሰው ሁሉ ሊቀጡ የተሰበሰቡ መሰላት፤ ትርንጎ ተይዛለች፣ አሁን ደግሞ እሷን አሳልፋ እየሰጠች ነው። ቄሱ «እውነቱን ንገሪን፣ ማንም አይቆጣሽም» አሉ። መምህራችን አለሙም ሁልጊዜ እንዲሁ ነበር የሚለን፤ እውነቱን ከነገርነው በኋላ አለንጋውን ያነሳል።

አያቴ ከድንጋዩ ተነስተው ፊቴ ተንበረከኩ። ጢማቸው ይንቀጠቀጣል፤ ዓይናቸው ቀልቷል። እንዲህ የተቆጣ ሰው አይቼ አላውቅም ብዬ አሰብኩ።

«ኤሌኒ፣ እናቴ» አሉ። «ሄደሽ ነበር ወይ? አብረሻት ነበርሽ ወይ? በዪ ንገሪኝ።»

ቁጣ አልነበረም። ልመና ነበር። እኚያ ሽማግሌ አንድ ልጅ ቀብረው ሁለተኛዋን ላለመቅበር አንዲት «አዎ» ብቻ ከኔ ይለምኑ ነበር። ሽማግሌዎቹም የተሰበሰቡት ሊፈርዱባት ሳይሆን የሚያስታርቅ ቀዳዳ ፍለጋ ነበር፤ ቀዳዳው እኔ ነበርኩ። ዛሬ ፊታቸውን ባስታወስኩ ቁጥር እንዴት እንዳላየሁት ይገርመኛል።

ግን ፍርሃት ብቻ ነበር ካልኩ አሁንም እዋሻለሁ። ትርንጎን ቀና ብዬ አየኋት፤ ትንሽ ፈገግ ብላልኝ ነበር፤ «በዪ ኤሉ» የምትል ነበር የምትመስለው። እኔም ቴሌቪዥኑ ፊት የሳቁብኝን ልጆች አስታወስኩ። ያን ጊዜ ቆርጠሽኛል፣ እዚያ ከሌለሁ እዚህም የለሁም፤ እንዲህ ያለ ነገር በሆዴ ነበር። ቃል አልነበረውም፤ ግን ነበር።

«እኔ አልሄድኩም» አልኩ። «ትምህርት ቤት ነበርኩ።»

«ልጄ ትምህርት ቀርታ አታውቅም» አለች እናቴ። በቅንነት ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ኮራ ብላ።

ቄስ ዋልልኝ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «እንግዲያስ መስቀሉን ትሳምና ቃሏን ትድገመው» ብለው ወደ አፌ አስጠጉት። የእንጨቱ ሽታ ገና አፍንጫዬ ሲደርስ ትርንጎ ዘላ የቄሱን እጅ ያዘች።

«አባ፣ ተዉአት! በመስቀል አታስምሏት! ልጅ ናት፣ ተዉአት!»

ከዚያ አያ ሙላቴ በትራቸውን መሬት ላይ ወጋ አድርገው «በቃ» አሉ። «መሐላ የፈራ ሰው ነገሩ የታወቀ ነው።»

እኔም እንደሳቸው መሰለኝ። ትርንጎ እውነት እንዳይወጣ የፈራች፣ የተሸነፈች መሰለኝ። ለዓመታት አልገባኝም ነበር። እሷ የከለከለችው የኔን የሐሰት መሐላ ነው። አባቷን፣ አገሯን፣ የወንድሟን ዳስ እያጣች ሳለ እኔ በመስቀል እንዳልምል እጇን ዘረጋች፤ ያ እጅ ነው የፈረደባት።

አያቴ ተነሱ። ልብሳቸውን አራገፉ። ድምፃቸው ረጋ ብሎ ነበር።

«ተዝካሩ የሁለት ልጆቼ ነው በሉ። የሞገስም የትርንጎም።»

«ጌጡ፣ የቁም ሰው ተዝካር የለውም!» አሉ ቄሱ።

«ለኔ የቁም አይደለችም።»

ትርንጎ አላለቀሰችም። ሻሿን አስተካክላ በአጠገቤ አለፈች። ልትመታኝ መስሎኝ ራሴን በክንዴ ሸፈንኩ። አናቴን ዳበስ አድርጋኝ ቁልቁለቱን ወረደች። እናቴ ልትከተላት ስትል አያ ሙላቴ «ወርቅነሽ!» ብለው ጠሯት፤ ቆመች። ዳሱ ውስጥ ደብተራዎቹ ጸሎቱን ጀምረው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ደብረ ታቦር ብዙ አልቆየችም። ግንቦት ላይ በደላላ በኩል ቤሩት ገባች። አያቴ ደግሞ በዚያው ዓመት አንዲት ቀይ ጊደር ሰጡኝ። «እውነት ለተናገረች ልጅ» ብለው ነው የሰጡኝ። ጊደሯ ወለደች፣ የወለደችውም ወለደች፤ በየክረምቱ ስሄድ አያቴ እጄን ይዘው «ያንቺ ናቸው» እያሉ በረት ያሳዩኛል። እኔም እስቃለሁ። ማታ ግን ወተቱን ሲሰጡኝ ሆዴን አመመኝ እላለሁ።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ አያቴ ታመው ተኙ። ጥር 2006 ነበር። እናቴ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ብቻዬን አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። አጥንታቸው ብቻ ቀርቷል። ድንገት ዓይናቸውን ገለጡ።

«ኤሌኒ፣ አሁን ትልቅ ሰው ሆነሻል።»

«አዎ፣ አባባ።»

«ያን ጊዜ… ወይራው ሥር ያልሽኝ። ልጅ ስለነበርሽ ተሳስተሽ እንደሁ ብዬ ነው። አብረሻት አልነበርሽም?»

በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነገሩ ሁሉ ይገባኛል። ቪሲዲ እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ። ሰው እንዴት በሕይወት ሳለ እንደሚቀበር አውቃለሁ። ትርንጎ በየሁለት ወሩ ለእናቴ ደውላ መጨረሻ ላይ «አባባስ?» እንደምትልም አውቃለሁ። ስልክ ነበረን። አንድ «አዎ» ብል እናቴ ሮጣ ወደ ቤሩት ትደውል ነበር፤ አባትና ልጅ ድምፅ ለድምፅ ይሰማሙ ነበር። ሽማግሌው የጠየቁኝም ለዚያ ነው፤ ሞታቸው ደርሶ አሁንም ያችኑ ቀዳዳ ይፈልጉ ነበር።

በዚያች ቅጽበት ያሰብኩት ግን ስለ ራሴ ነው። እናቴ ምን ትለኛለች? አገሩ ምን ይለኛል? «እውነት የተናገረችው ልጅ» የሚለውን ስሜን ማን ይመልስልኛል? ካፈርኩ አይመልሰኝ ይባል የለ።

«አልነበርኩም፣ አባባ» አልኩ።

አያቴ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ተመስገን» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በአራተኛው ቀን ሞቱ።

ትርንጎ በ2012 ተመለሰች። አሁን ሐሙሲት፣ መንገዱ ዳር፣ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ወፍራለች፣ ድምፅዋ ጎርነን ብሏል፣ ሾፌሮቹን ትሳደባለች፣ እነሱም ይወዷታል። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላም እያልኳት አልፋለሁ እንጂ ቁጭ ብዬ አላወራኋትም ነበር። ባለፈው ነሐሴ ግን ቆረጥኩና ከምሳ ሰዓት በኋላ፣ ሰው ሲቀል፣ ሄጄ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። የወይራውን ሥር ነገር ሁሉ ነገርኳት፤ ትምህርት ቤቱን፣ ፍርሃቴን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ቂሜን።

ሳቀች። እውነተኛ ሳቅ።

«ይሄን ይዘሽ ነው ስትሸሺኝ የኖርሽው? ኤሉ! እኔ እኮ ያኔውኑ ነው የተውኩልሽ። ጥርስሽ በቅጡ ያልበቀለ ሕፃን! ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልጅን በትልቅ ሰው ነገር ውስጥ ማን አግቢ አለኝ?» በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ይቅር ብዬሻለሁ፤ ይቅር ይበለን።»

አለቀስኩ። እጄን ያዘችኝ። እንዲህ የቀለለ ነገር እንደሌለ ተሰማኝና ልነሳ ስል እጄን አልለቀቀችም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። አሁን አትስቅም። «ሲሞት አንቺ ነበርሽ አሉ አጠገቡ። ወርቅነሽን ብጠይቃት ውጪ ነበርኩ ትለኛለች። ስለ እኔ… አንዲት ቃል እንኳ አልጠየቀም?»

አንድ ሚኒባስ ቆሞ ረዳቱ «ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር» ይላል። ትርንጎ ትጠብቀኛለች። አሥራ ሁለት ዓመት በሰው አገር የጠበቀችው መልስ እኔ ዘንድ ነበር፤ ጠይቀዋል ካልኳት ግን ምን ብዬ እንደመለስኩላቸውም መንገር ነበረብኝ።

«አልጠየቁም» አልኳት።

እጄን ለቀቀች። «እሱስ እልኸኛ ነበር» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።